ከሃምሳ አለቃው አጠገብ የተኙት ሰው

ይህን ከመጻፌ በፊት ሁለቱንም ሽማግሌዎች አስፈቅጃለሁ። አንደኛው «ጻፊው፤ ግን ሞኝ አታስመስይኝ» አሉኝ። ሁለተኛው «የሟቹን ስም አትጻፍ። ልጆች አሉት» አሉ። ስለዚህ የሟቹ ስም እዚህ የለም፤ የሌሎቻችንንም ቀይሬዋለሁ። የቀረው እንዳየሁትና እንደሰማሁት ነው።

የዓይን ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ነገሩ በሆነበት ጊዜ ወላይታ ሶዶ ከተመደብኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። የዝውውር ማመልከቻ ደጋግሜ አስገብቼ ደጋግሜ «ተተኪ ሲገኝ» ተብያለሁ። ልጅ ሳለሁ ጠያቂ ነበርኩ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ገብቼ «ከምን ሞተ? ማን አየው?» እያልኩ እናቴን አሳፍራት ነበር። ሥራ ከያዝኩ በኋላ ግን ያ ባሕርዬ ጠፋ። «ቀኝ ዓይን፣ የበሰለ ሞራ፣ ቀጣይ!» ነበር ቋንቋዬ። ከፊቴ የሚቀመጠውን ሰው ከቅንድቡ በላይና ከጉንጩ በታች አላየውም ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚያ ሳምንት የዓይን ሞራ ግርዶሽ ዘመቻ ነበረን። ከቤሌ፣ ከቦምቤ፣ ከዱቦ አካባቢ፣ ከየገጠሩ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች በልጅ በጎረቤት እየተመሩ መጡ። አሠራሩ ቀላል ነው። ጠዋት እንመረምራለን፤ ግንባራቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈን ስማቸውንና የሚሠራውን ዓይን እንጽፋለን፤ አንድ ዓይን ይሠራል፤ ይታሸጋል። ታካሚው በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ በተደረደረ ፍራሽ ላይ አድሮ በማግስቱ ጠዋት ማሸጊያው ይነሳለታል። አብዛኞቹ ያልተሠራው ዓይናቸውም በሞራ የተሸፈነ ስለሆነ፣ ያን አንድ ቀን ምንም አያዩም።

ማክሰኞ ጠዋት ከቤሌ በኩል የመጡ አንድ ረጅም ሽማግሌ ፊቴ ተቀመጡ። እጃቸውን ይዛ ያመጣቻቸው ጎረቤታቸው «ነገ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ» ብላኝ ወጣች።

«ስም?»

«ማርቆስ።»

«የአባት ስም?»

ትንሽ ቆዩ። «አንጁሎ።»

«ዕድሜ?»

«አንተ ገምት።»

በአካባቢው አማርኛ የከተማና የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ቤት የሚነገረው ወላይትኛ ነው። ብዙ የገጠር ሰው ሴቷንም አንተ ይላል። ለምጄዋለሁ።

«የቀበሌ መታወቂያ ይዘዋል?»

«አንተ ዓይን ነው የሚያክመው ወይስ ወረቀት?»

ሳልወድ ሳቅኩ። ሰባ ብዬ ጻፍኩና ደም ግፊታቸውን ለመለካት ግራ ክንዳቸውን ያዝኩ። የእጃቸው ትንሿ ጣት ከመሃል የተቆረጠች ነበረች፤ ቁስሉ የዱሮ ነው። ሥራዎ ምንድነው ስላቸው «ሸማኔ ነኝ። አሁን ክሩን አላይም፤ በእጄ እየዳሰስኩ ነው የምሠራው፤ ቀለሙን ግን እጅ አያውቅም» አሉ። ግንባራቸው ላይ «ማርቆስ፣ ቀኝ» ብዬ ለጠፍኩ።

ከእሳቸው ቀጥለው የመጡት የሶዶው ሰው ነበሩ። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ወገባቸው የቀና፣ በልጃቸው ክንድ ተይዘው እንኳ መንገዱን የሚያሳዩት እሳቸው የሚመስሉ ሽማግሌ። ስም ስላቸው «ሃምሳ አለቃ ደስታ፣ ጡረታ» አሉ፣ ማዕረጉ የክርስትና ስማቸው ይመስል። ልጃቸው እየሳቀች ተሰናበተችን። ሁለቱም አንድ ሰዓት ውስጥ ተሠሩ። ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ በወጡበት ተራ ፍራሽ ስሰጥ፣ ሃምሳ አለቃውን ከሸማኔው አጠገብ አስተኛኋቸው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከምሳ በኋላ አዳራሹ ሞቅ ይላል። ሰው የማያይ ሲሆን ወሬ ይወዳል። ከውጭ ቤተሰብ ያመጣውን የተቀቀለ ቦይና፣ ጎደሬ ማለት ነው፣ በዳጣ በርበሬ እያጠቀሱ ይበላሉ፤ ከየት ነህ ከየት ነሽ ይባባላሉ። እኔ የሕመም ማስታገሻ እያደልኩ ስዞር ሃምሳ አለቃ ደስታ የፖሊስነት ዘመናቸውን እያወሩ ደረስኩ። የእኔን ድምፅ ሲሰሙ ለእኔ ብለው ወደ አማርኛ አዞሩት። ከጥግ አንድ ሰው «ሃምሳ አለቃ፣ ያመለጠዎት ሌባ የለም?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ሌባ አላመለጠኝም» አሉ። «አንድ ሰው ግን አመለጠኝ። ሁለት ጊዜ። ሎሃ ይባላል። ቦምቤ አካባቢ በድንበር ተጣልቶ ሰው ገደለ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት፤ ስድስቱን ጨርሶ እኔ ለሥራ ካስወጣኋቸው እስረኞች መሃል ጠፋ። ዓመት ፈልጌ ቤሌ ገበያ ላይ ያዝኩት።»

«በምን አወቁት?»

«ሸማ ሲለካ። እስር ቤት ነው ሽመና የተማረው። ሸማኔ በክንዱ ሲለካ ትንሿን ጣቱን እጥፍ ያደርጋል። እሱ የሚያጥፈው የለውም፤ ግራ እጁ ላይ ግማሽ ጣት ነው ያለው።»

ዓይኔ ወደ ጎን ሄደ። አባባ ማርቆስ ግራ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው በጀርባቸው ተንጋለው ተኝተዋል፤ የታሸገው ዓይናቸው ወደ ላይ ነው። አንገታቸው ላይ ላብ ይወርዳል።

ሃምሳ አለቃው ቀጠሉ። «ወደ ሶዶ በመኪና ሳመጣው ዝናብ ጣለና ጭቃው ያዘን። እንዲገፋ ብዬ ካቴናውን የፈታሁለት እኔ ነኝ። ጎማው ከጭቃው ሲወጣ እሱም ከእጄ ወጣ።» አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እሳቸው አልሳቁም። «በእሱ የተነሳ ሦስት ወር ታሰርኩ፤ እሱ ታስሮበት በነበረው ግቢ። ማዕረጌም እዚያው ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት ፈለግኩት። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ገበያ ስሄድ የሸማኔ እጅ ነው የማየው፤ ማየት እስከተወኝ ድረስ።»

እዚህ ላይ ምን ማድረግ ነበረብኝ? የበር ጥበቃውን መጥራት? ለኃላፊው መንገር? ወይስ የታካሚ ምስጢር ነው ብሎ ዝም ማለት? አላውቅም ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ደቂቃ ከፍርሃቴም ከኃላፊነቴም በላይ ጉጉቴ በለጠብኝ። ለብዙ ዓመት የተኛ ነገር ነቃብኝ። «አባባ፣ ሽንት ቤት ላድርስዎ» ብዬ እጃቸውን ያዝኩና አወጣኋቸው።

ከአዳራሹ ጀርባ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው።

«እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

አልካዱም። «ድምፁን ጠዋት ነው ያወቅኩት። ‹ጡረታ› ሲል ሳቄ መጣ። ከዚያ ፈራሁ።»

«ሰው ገድለዋል?»

«ገድያለሁ። ዱላ ነበር፣ አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ሞተ። በዚህ አልጣላም፤ ፍርዱም ትክክል ነው።»

«ታዲያ ለምን ጠፉ?»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። «ሰው ገድዬ ጫካ ገብቼ ሳለ አባቴ ሞተ። ይሄ ሰውዬ ‹እጅህን ስጥ፤ አባትህን ቅበር፤ ከዚያ ትታሰራለህ› ብሎ ሽማግሌ ላከብኝ። ቃሉን አምኜ ወጣሁ። በካቴና አስሮ በሌላ መንገድ ሶዶ ወሰደኝ። አባቴን ሰው ቀበረው፤ ማን እንደቀበረው፣ የት እንደቀበረው አላውቅም። እዚያ ሰፈር ዳግም እግሬ አልረገጠም። ያኔ ማልኩ፤ እሱ ባስቀመጠኝ ቦታ አልቀመጥም ብዬ። ክፉ ሰው ቢሆን አይቆጨኝም ነበር። ክፉ አይደለም። ለዚህ ነው የሚያናድደኝ።»

ወደ ፍራሻቸው መለስኳቸው። እዚህ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። አልተውኩትም። ትንሽ ቆይቼ ሃምሳ አለቃውን ደም ግፊት እለካለሁ ብዬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና፣ እንደዋዛ «ሃምሳ አለቃ፣ ያ ሎሃ ያሉት ሰው አባቱን እንዲቀብር ቃል ሰጥተውት ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

እጃቸው በእጄ ውስጥ ደረቀ።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

ስለ አባትየው ቀብር በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድም ሰው አላነሳም።

«እ... አሁን ሲያወሩ የሰማሁ መሰለኝ።»

«እኔ አላወራሁም። ለሚስቴም አውርቼው አላውቅ።» በጣም ቀስ ብለው «ጎኔ የተኛው ሰው ስሙ ማነው?» አሉኝ።

«ማርቆስ» አልኩ።

«ማርቆስ» ብለው ደገሙት። ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። በገዛ ምላሴ ሰው አሳልፌ እንደሰጠሁ ገብቶኛል።

ፀሐይ ወደ ዳሞት ተራራ አዘንብላ በመስኮቱ ስትገባ፣ የማታውን መድኃኒት ይዤ ተመለስኩ። በሁለቱ ፍራሾች መካከል ስደርስ ሃምሳ አለቃው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሲስተር፣ ቅድም ለጠየቅሽኝ ነገር ልመልስልሽ» አሉ። እኔን ይጥሩ እንጂ ፊታቸው ወደ እኔ አልነበረም።

«ቃል ሰጥቼዋለሁ። ለአዛዤም ነግሬ እሺ ብሎኝ ነበር። እጁን ሲሰጥ ግን አዛዡ ሐሳቡን ቀየረ፤ የሟች ወገን ቀብሩ ላይ ሊበቀል ነው የሚል ወሬ ሰማ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅኩ ብልሽ አታምኚኝም። ‹ወይ እሱን ውሰድ ወይ ትጥቅህን አውርድ› አለኝ። ሶዶ አድርሼው በዚያው ቀን ተመለስኩ። ለቀብር ደረስኩ። ሰው ፈርቶ አልወጣም ነበር፤ ስድስት ሰው ነበርን። ልጁ ሊይዝ በሚገባው በኩል ቃሬዛውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አፈሩንም በእሱ ፈንታ አለበስኩ። ይህን ልነግረው እስር ቤት ሁለት ጊዜ ቀርቤዋለሁ። ሲያየኝ ጀርባውን ሰጠኝ። እኔም ኩራት ያዘኝና ተውኩት። ቃሌን በላሁ፤ እሱ ግን እንዴት እንደበላሁት አያውቅም።»

አባባ ሎሃን አየኋቸው፤ ከእንግዲህ ሃምሳ አለቃው በሚያውቋቸው ስም ልጥራቸው። ያልታሸገው ዓይናቸው ጥግ ላይ ዕንባ ተጠራቅሞ ወደ ጆሯቸው ይወርዳል። ሙያዬ ቀደመኝና በንጹሕ ፋሻ ጠረግኩላቸው። ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሃምሳ አለቃው አውቀዋል መሰለኝ» አልኩ።

«ሰማሁ» አሉኝ።

«ምን ያደርጋሉ?»

«አንዱ ዓይኔ በአንተ ፕላስተር ስር ነው። ሌላው ጉም ነው። የት ልሂድ?»

ቤቴ ሄድኩ። ስለዚያች ሌሊት የምለው የለኝም፤ እንዳልተኛሁ ብቻ እወቁልኝ።

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ሁለቱም ፍራሻቸው ላይ ቀና ብለው ተቀምጠው፣ ትከሻ ለትከሻ ሆነው፣ በዝቅተኛ ድምፅ በወላይትኛ ያወራሉ። ሁለት ዓመት ኖሬ ቋንቋቸውን ስላለመማሬ የተናደድኩት ያን ጊዜ ነው። የገባኝ «ሳሮ» የምትለዋ ብቻ ናት፤ ሰላም ማለት ነው፤ እሷንም ለእኔ ነው ያሉት።

ማሸጊያ ማንሳት ጀመርኩ። ሁልጊዜ ከበሩ በኩል በተራ እንሄዳለን፤ በተራው ሃምሳ አለቃው ይቀድማሉ። እጄን ስዘረጋ ያዙኝ።

«የእሱን መጀመሪያ ፍቺ።»

«ተራው የእርስዎ ነው።»

«ልጄ፣ የእሱን ፍቺ። ቀስ ብለሽ ወደ እኔ ነይ። እኔ ያላየሁትን ሰው አየሁ ብዬ አልመሰክርም።»

ምን እያሉኝ እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የፈለጉትን ሰው፣ እሳቸው ከማየታቸው በፊት እንዲያይና እንዲሄድ ዕድል እየሰጡት ነው።

የአባባ ሎሃን ፕላስተር አነሳሁ። ዓይናቸውን በጨው ውኃ ጠረግኩ። ቀስ ብለው ገለጡት። በመጀመሪያ የገዛ እጃቸውን፣ የፊትም የኋላም እያገላበጡ አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩኝ። «አንተ ልጅ ነህ እንዴ!» አሉ በመገረም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጎን አዞሩና ሃምሳ አለቃውን አዩዋቸው። ረዥም ጊዜ። የቀጠነውን አንገት፣ የሸበተውን ጢም፣ ግንባራቸው ላይ የለጠፍኩትን ፕላስተር። ተነሱ፣ ጫማቸውን አደረጉ፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉና በእግራቸው፣ ማንም ሳይመራቸው፣ በበሩ ወጡ።

ሃምሳ አለቃው የሚርቀውን ኮቴ ሲያዳምጡ ቆዩ። እኔም ቀስ አልኩ። ፋሻውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ጠብታውን ፈለግኩ፣ ያለበትን እያወቅኩ። በመጨረሻ ማሸጊያቸውን ሳነሳ መጀመሪያ ያዩት ባዶውን ፍራሽ ነው።

«ሄደ?»

«ሄዱ።»

«ጥሩ» አሉ። ፊታቸው ግን ጥሩ አይልም። በዚህ ዕድሜያቸው እንደዚያ ብቻቸውን የቀሩ ሰው አይቼ አላውቅም።

የሚቀጥለውን ታካሚ ልጀምር ስል በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። አባባ ሎሃ ናቸው። እስከ ዋናው በር ሄደው ወደ ቤሌ የሚወስደውን መንገድ አይተው እንደተመለሱ ጥበቃው በኋላ ነግሮኛል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሃምሳ አለቃው ሊነሱ ሲሉ አባባ ሎሃ በእጃቸው አስቀመጧቸውና፣ እኔ እንድሰማ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ በአማርኛ እንዲህ አሉ፤

«አባቴ የት እንደተቀበረ የምታውቀው አንተ ነህ። ውሰደኝና አሳየኝ። ከዚያ ደግሞ ወደምትወስደኝ ውሰደኝ።»

ሐኪሙን አዲስ የተሠራ ዓይን አቧራ እንዳይገባበት አብሬያቸው ልሂድ ብዬ አስፈቀድኩ። ምክንያቱ ውሸት አልነበረም፤ እውነቱ ግን ያን ቀን ማንም አስሮ አያስቀረኝም ነበር። የአባባ ሎሃ ጎረቤት ከሰዓት ስትመጣ እንዳትደናገጥ ለጥበቃው መልእክት ትቼ፣ ሦስታችን በሚኒባስ ወደ ቦምቤ ሄድን። ለሁለቱም ጥቁር መነጽር አድርጌላቸዋለሁ። በመንገድ ላይ አባባ ሎሃ መስኮቱን አልለቀቁም። እንሰቱን፣ የበቆሎውን ማሳ፣ አዲስ የተሠራ ቤት ባዩ ቁጥር «ይሄ የማነው?» ይላሉ፤ ሃምሳ አለቃው የሚያውቁትን ይመልሳሉ። አጠገባችን የተቀመጠች ሴት ወንድማማቾች መሰሏት።

መቃብሩ ከአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥግ ነው። ሃምሳ አለቃው ከበሩ ጀምረው በእርምጃ ቆጠሩ፣ ተሳሳቱ፣ ተመልሰው እንደገና ቆጠሩ። ድንጋይም ጽሑፍም የሌለው፣ ሣር የለበሰ ጉብታ ጋ ሲደርሱ «እዚህ» አሉ። አባባ ሎሃ መጀመሪያ ቆሙ፤ ቀጥሎ ተንበረከኩ። «ዓይንዎን እንዳይነኩ» አልኳቸው። ሁለት እጃቸውን ሣሩ ውስጥ ቀብረው ያዙት፤ ዓይናቸውን አልነኩም።

ያን ጊዜ በአጥሩ በኩል አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው፣ ዶማ ትከሻው ላይ አድርጎ ሲያልፍ ቆመ። ሃምሳ አለቃውን አወቃቸው። ቀጥሎ ተንበርክከው ያሉትን ሰው ለረዥም ጊዜ አያቸው። ዶማውን ከትከሻው አወረደ። ሃምሳ አለቃው ቀስ ብለው በሁለቱ መካከል ገብተው ቆሙ። ማን እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ፤ አባባ ሎሃ የገደሉት ሰው ልጅ ነው።

አባባ ሎሃ ቀና ብለው አዩት። ራሳቸውን አጎነበሱ።

ሰውየው በወላይትኛ አንዲት ቃል ተናገረ። ሃምሳ አለቃው በኋላ ሲተረጉሙልኝ «መጣህ?» ነው ያለው። ከዚያ ዶማውን አንስቶ ሄደ። ወደ ኋላም አላየ።

ሶዶ ተመልሰን ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ ሰዓቱ ወደ ዘጠኝ ነበር። ተረኛው ወጣት ሳጅን ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሁለት ሽማግሌዎችና ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስ ሲያይ ግራ ገባው።

«ከሳሽ ማነው?»

«ከሳሽ የለም» አሉ ሃምሳ አለቃው። «ይሄ የጠፋ እስረኛ ነው።»

«መቼ የጠፋ?»

«ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት።»

ሳጅኑ ወረቀቱ ላይ ያሳረፈውን እስክሪብቶ አነሳ። «እርስዎ ያዙት?»

«አልያዝኩትም። አብሮኝ መጣ።»

«አባባ፣ እውነት ነው?» አላቸው አባባ ሎሃን።

«እውነት ነው። እሱ ግን ዓመቱን ተሳስቷል፤ ሃያ ሦስት ነው።»

«ሃያ ሁለት ነው!» አሉ ሃምሳ አለቃው።

«ልጄ በተወለደበት ዓመት ነበር። ሃያ ሦስት ነው።»

ሳጅኑ በትሕትና መዝገቡ እስኪፈለግ ድረስ ቤታቸው ሄደው ነገ እንዲመለሱ ነገራቸው። ሃምሳ አለቃው ጠረጴዛውን በእጃቸው መቱ። «እኔ በዚህ ሰው ምክንያት ሦስት ወር ታስሬያለሁ! ዛሬ ወደ ቤትህ ሂድ አይባልም!» አባባ ሎሃም «አልሄድም» ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሳቅም ዕንባም አንድ ላይ ነው የመጣብኝ። መዝገቡ ወደ ማታ ተገኘ፤ የተቀረው እንደ ሕጉ ሄደ። ሲለያዩ አልተጨባበጡም። ሃምሳ አለቃው ከእጄ የአባባ ሎሃን የዓይን ጠብታ ተቀበሉና «በቀን አራት ጊዜ ነው ያልሽው?» አሉኝ።

የማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ጠብታውን ይሰጣቸው ነበር። ቢሆንም ሃምሳ አለቃው በሳምንት ሁለት ቀን ምግብ ይዘው እየሄዱ «አደረጉለት? ዓይኑን አላሸም?» ብለው ይጠይቁ ነበር። የቤሌዋን የአባባ ሎሃን ባለቤትም ለጥየቃ ስትመጣ ቤታቸው ያሳድሯታል። ለወር ክትትል ሁለቱም በአንድ ቀን መጡ፤ አንደኛው ከአጃቢ ፖሊስ ጋር፣ ሌላኛው በራሳቸው። የቀረውን ዓይናቸውን ለሁለቱም በአንድ ሳምንት ሠራንላቸው።

አባባ ሎሃ ዕድሜያቸው ታይቶና ሽማግሌዎች ገብተውበት ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በይቅርታ ወጡ። አሁን ቤሌ ተመልሰው ይሸምናሉ። ነገር ግን ሁሉም በደስታ አለቀ ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። የሟቹ ልጅ ሽማግሌ በተላከ ቁጥር «አልጣላውም፤ ግን አላየውም» ይላል። አባባ ሎሃም «ልክ ነው» ይላሉ። እኔም ልክ ነው እላለሁ። አባቱን ያጣው እሱ ነው፤ ታሪኩ ለእኛ ስላማረን ይቅር እንዲል ልናስገድደው አንችልም።

እኔስ? በምላሴ ያጠፋሁትን አልረሳውም። በአጋጣሚ በጎ ሆኖ ተገኘ እንጂ ሌላ ሰው፣ ሌላ ጠባይ ቢሆን ኖሮ ያቺ ጥያቄ የሰው ሕይወት ባበላሸች ነበር። ስለዚህ ዛሬ ከመጠየቄ በፊት የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁ፣ ለማን እንደምናገር አስባለሁ። መጠየቅ ግን አልተውኩም። የዝውውር ማመልከቻዬን ራሴ ሄጄ አነሳሁት። ወላይትኛ ተምሬያለሁ፤ ጥሩ ባይሆንም ጠዋት ጠዋት ሁለት ሽማግሌዎች ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ቢያወሩ ከእንግዲህ አያመልጠኝም። እናንተም የሰው ፊት ዕለት ዕለት የምታዩ ሁሉ፣ አስተማሪ ሁኑ ሾፌር፣ ገንዘብ ያዥ ሁኑ ሐኪም፣ ፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ከያዘው ወረቀት እንደሚበልጥ እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅኩት።

ባለፈው ሳምንት ከዱቦ በኩል የመጡ አንዲት ደቃቃ አሮጊት ፊቴ ተቀመጡ። ከኋላቸው ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ካርዱን ስቤ በወላይትኛ «እማማ፣ ስምዎ ማን ነው?» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «የትኛውን ልንገርሽ?» አሉኝ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና ወንበሬን ወደ እሳቸው ሳብኩ።